እስከ ሰኞ ንጋት

ይርጋነሽ ቅዳሜ ጠዋት ጤና አዳም ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ባትዞር ኖሮ፣ ያን ቅዳሜና እሁድ እንደ ማንም ሰው ተዝናንታ ታሳልፈው ነበር። ጤና አዳሙ የበቀለው በእህቷ ቤት እንግዳ መቀበያ መስኮት ሥር ነው። ግንቦት ነውና የቢቸና ሙቀት ከጠዋቱ ጀምሯል፤ መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎንበስ ብላ ሁለት ዘለላ እንደያዘች ከውስጥ የማታውቀው ወንድ ድምፅ ሰማች። «ለቀብሩ እንዲደርሱ ብለው ነው የላኩኝ፣ ጌታዬ። ዛሬ መኪና ካገኙ ይደርሳሉ» ይላል። የእህቷ ባል አቶ ገብረ ክርስቶስ በጽሕፈት ቤቱ ባለጉዳይ በሚያሰናብትበት በዚያ በረጋ ድምፁ፣ «ሴቶቹ እስከ ሰኞ ንጋት እንዳይሰሙ» አለው። «መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው። ደግሞም ቤቴ ትልቅ እንግዳ አለበት። አንተም እስከዚያ ጎረቤት አርፈህ ትቀመጣለህ፤ ገበያ ወጥተህ ለሰው እንዳታወራ።» ሰውየው እሺ አለ። ወንበር ተንቀሳቀሰ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

እሷ እንደ ጎበጠች ቀረች። መጮህ አልመጣላትም፤ መሮጥም አልመጣላትም። ቀና ብላ ቤቱን ዞራ ወደ ደጅ ስትደርስ ያየችው የሰውየውን ጀርባ ብቻ ነው፤ ጋቢ የደረበ ረጅም ሰው በቅሎ እየሳበ ወደ ጎረቤት ግቢ ሲገባ። በቅሎዋ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሳለች። አቧራው የየት መንገድ እንደሆነ ብታውቅ ነገሩ ሁሉ በተገለጠላት፤ ግን የሞጣም የደጀንም አቧራ አንድ ዓይነት ነው። ጤና አዳሙን ይዛ ወደ ማድቤት ገባችና ለእህቷ ሰጠቻት። በዛብሽም ተቀብላ፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ነው፣ የቤቱ ወለል አልተጠረገም፣ ዶሮው ገና አልበሰለም እያለች በአንድ እስትንፋስ የሺህ ሰው ሥራ ቆጠረችላት።

ይርጋነሽ ሊሞትባት የሚችል ሰው ሁለት ብቻ ነው። አንዷ ሞጣ ያሉት እናቷ እማማ አመተ ሥላሴ ናቸው። አብረው ነው የሚኖሩት። እህቷ «እንግዳ ሊመጣብኝ ነው፣ አግዢኝ፤ አንቺም ትንሽ አየር ትለውጫለሽ» ብላ ስትልክባት፣ አሮጊቷን አልጋ ላይ ትታ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጥታለች። እማማ መሞቻዬ ደረሰ ማለት ከጀመሩ ዘመን የለውምና ማንም ከቁም ነገር አይቆጥርላቸውም ነበር። ሌላው አንድ ልጇ ጓዴ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያን ጠመዝማዛ ወጥቶ በደጀን በኩል ጎጃም ይገባል። በዚያ ቁልቁለት ስንት መኪና እንደ ገባ ቀረ። ዓርብ በቢቸና አልፋለሁ፣ አይሻለሁ ብሎ ልኮባት ነበር። ዓርብ አልመጣም።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ነው። ሞጣ በአንድ በኩል፣ ደጀን በሌላው፣ እሷ መካከል ላይ። ገብታ፣ የሞተው ማነው ብላ ብትጠይቅ ገብረ ክርስቶስ ፊት ለፊቷ አይዋሽም ይሆናል። ነገር ግን አልገባችም። እስካልተነገራት ድረስ ጓዴ አለ፤ መሪውን ይዞ አቧራ እየጠጣ ከአንዱ ዳገት ላይ አለ። ከጠየቀች ግን ላይኖር ይችላል። ይህን ካሰበች በኋላ አፏ ተያዘ።

ወጉንም ታውቀዋለች። በአገሩ መርዶ እንዲህ በቀትር፣ ባዶ ሆድ ላይ አይጣልም። ለሟች ቤተ ሰብ ሳይሆን ለሩቅ ሰው ይነገራል፤ እሱም ደብቆ ሐዘንተኛውን ያበላል፣ ያጠጣል፣ ያስቃል፣ ብቻውንም አይተወውም፤ ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ የነፍስ አባት ይዞ በንጋት በር ያንኳኳል። ይርጋነሽ ራሷ በዚህ ሥራ የተመሰገነች ነበረች። ባሏ ጎንደር የሞተባትን ጎረቤቷን አንድ ቀን ሙሉ ሽሮ እያጎረሰች፣ ስለ በርበሬ ዋጋ እያወራች፣ ምንም ሳታስነቃ አሳድራታለች። ያኔ ሴትዮዋን ያየቻት ከላይ ወደ ታች ነበር፤ ምስኪን፣ ምንም አታውቅም ብላ። አሁን ያቺ ሴትዮም አውቃ ዝም ብላ እንደ ሆነስ ብላ አሰበች። ወጉ ደግሞ ቀብር ይለፍ አይልም። ለቀብር የሚደርስ ሰው ሲኖር መርዶው ይፈጥናል። ገብረ ክርስቶስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እንግዳ አለበት።

እንግዳውም እንግዳ ነው። ቀኛዝማች ኃይለ ሚካኤል ከነባለቤታቸው ከደብረ ማርቆስ በላንድሮቨር መጡ። ገብረ ክርስቶስ ወደ ማርቆስ ለመዛወር ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያመለክት ኖሯል፤ የእሳቸው አንድ ቃል ከማመልከቻው ሁሉ ትበልጣለች። ስለዚህ ፕሮግራም አወጣ። ፕሮግራም የሚለውን ቃል በጣም ይወደው ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የባላምባራስ ፋንታ አትክልት ቦታ፤ ከዚያ ውሾቹ፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የእማሆይ ወለተ ሐና አትክልት፤ ማታ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለ ፊልም መኪና በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሲኒማ ያሳያል። ይህን ሁሉ በምሳ ላይ ሲዘረዝር ድምፁ ውስጥ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ይርጋነሽ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። የዶሮውን ፈረሰኛ አንስቶ እሷ ሳህን ላይ አደረገላት። ፈረሰኛ ለቤቱ ጌታ፣ ቢበዛ ለክቡር እንግዳ ነው እንጂ ለሚስት እህት ተሰጥቶ አያውቅም። ቀኛዝማችም ጥቂት ገርሟቸው ተመለከቱ። በላችው። ጣዕሙን ግን አላገኘችውም፤ ዕንጨት ብታኝክ አይለይባትም ነበር።

የባላምባራስ ፋንታ አትክልት ከከተማው ዝቅ ብሎ ከወንዙ ዳር ነው። ሎሚ፣ ትርንጎ፣ ኮክ፣ ጌሾ፣ ከዳር ዳር ደግሞ የነጭ አበባ ተክል አለው። የቀኛዝማች ባለቤት ወይዘሮ ስሜነሽ ጥላቸውን ዘርግተው ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ፣ ማርቆስ ላይ ኮክ አንዱን በዐሥር ሳንቲም ነው የሚሸጡልን፣ ዘረፋ ነው እያሉ፣ ባላምባራስም ለእርስዎማ በነፃ ነው እያሉ ይስቃሉ። ጥላው ቀዝቃዛ ነበር። ውሃው በቦዩ ያልፋል፤ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰዎቹ ተቀምጠው ተዝናኑ። በዛብሽ የእህቷን ክንድ ይዛ ከሰዎቹ ራቅ አድርጋ በጌሾው መካከል አዞረቻት። ፊቷን ዱቄት ተቀብታለች፤ ደስ ብሏታል። ማርቆስ ከገባን ልጆቼ ደህና ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ቤታችንም የቆርቆሮ ክዳን ብቻ ሳይሆን የሲሚንቶ ወለል ይኖረዋል አለች። ከዚያ አንድ ኮክ ቀጥፋ ለሁለት ከፈለችውና ግማሹን ለእህቷ ሰጠች።

«እትዬ፣ እማማ ይህን ቦታ ብታየው» አለች። «ሰኞ እንግዶቹን ከሸኘን አብሬሽ ሞጣ እመጣለሁ። ካየኋት ዓመት አለፈኝ እኮ። ይቅርታም መጠየቅ አለብኝ፤ ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬ ቀርቼባታለሁ።»

ይርጋነሽ እህቷን አየቻት። ገብረ ክርስቶስ «ሴቶቹ» ነበር ያለው፤ ሁለቱም ማለት ነው። በዛብሽ ምንም አታውቅም። ላንድሮቨሩ ከአትክልቱ በር ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጎማው ላይ ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል። ፀሐይ ዘቅዝቃለች እንጂ ገና አልጠለቀችም። አሁን ብትናገር፣ በዛብሽ ትጮሃለች፣ ባሏን ይዛ ትጠይቃለች፣ ገብረ ክርስቶስም ሳይወድ ስሙን ይናገራል። ስሙ። ያንን ስም ነው የፈራችው። በውስጧ ምናልባት የእማማ ነው የሚል ሐሳብ ሲመጣ ደረቷ ቀለል ሲላት ተሰማት፤ ተሰምቷት ደነገጠች። እናቷን ሸጣ ልጇን የምትገዛ ሴት ሆነች፤ እዚያው፣ በጌሾው መካከል፣ ግማሽ ኮክ በእጇ ይዛ።

«ጥሩ ነው፤ አብረን እንሄዳለን» አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ የውሾቹ ሰዓት ደረሰ። ገብረ ክርስቶስ ሁለት ትልልቅ ቡናማ ውሾች አሉት፤ መንገድ ሲሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ያወረሰው ናቸው። ስማቸው ቦቢና ሌዲ ነው። አማርኛ አይሰሙም። ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ የተማረውን እንግሊዝኛ ሁሉ በእነሱ ላይ ያወርደዋል፤ «ሲት» ይላል ይቀመጣሉ፣ «ካም» ይላል ይመጣሉ። የከተማው ሰው፣ ሰውዬው ሲያዝ እሺ የሚለው ውሻው ብቻ ነው እያለ ይቀልድበታል። ወይዘሮ ስሜነሽ ውሻ ወዳጅ ናቸውና ከማርቆስ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ብስኩት ይዘውላቸው መጥተዋል። ለሰው ልጅ ያልደረሰ ብስኩት። በአጥሩ ክፍተት የሚያዩት የጎረቤት ሰዎች አፋቸውን ያዙ። በዛብሽ ብስኩቱን ከፍ አድርጋ ይዛ «ሲት» ስትል ቦቢ ቁጭ አለላት፤ ሁሉም አጨበጨቡ፤ ቀኛዝማች እስኪያስላቸው ሳቁ። በይርጋነሽም እጅ ላይ አንድ ብስኩት አኖሩ። እሷ ውሻ ልብሷን ከነካው ሳታጥብ ቤተ ክርስቲያን የማትደርስ ሴት ናት። እጇን ዘረጋች፤ ሌዲ ብስኩቱን ወሰደች፤ ከዚያም መዳፏን ደጋግማ ላሰችው። ምላሷ ሞቃትና ሸካራ ነበር። ይርጋነሽ እጇን አልሰበሰበችም፤ እዚያው እንደ ሌላ ሰው እጅ ታየው ጀመር።

«እትዬ እኮ ውሻ ትጠየፍ ነበር» አለች በዛብሽ ለወይዘሮ ስሜነሽ። «አየር መለወጥ እንዴት ጥሩ ነው እናንተ!»

ገብረ ክርስቶስ ግን አልሳቀም። ይርጋነሽን ትኩር ብሎ አያትና ዓይኑን ወደ ውሾቹ መለሰ። ያወቀች መሰለው ይሆናል፤ ያላወቀችም መሰለው ይሆናል። ሁለቱም ያንን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ድፍረት አልነበራቸውም። ፀሐይዋ ጠለቀች። ሬሳ በቀን ነው የሚቀበረው፤ እንግዲህ ማንም ይሁን ማን ተቀብሯል ብላ አሰበች፤ ብታስበውም ልቧ ምንም አላለም።

እሁድ ቅዳሴ ላይ ከሴቶቹ በር ቆመች። ከበዛብሽ ጎን፣ ነጠላዋን አጣፍታ። በዓለ ሃምሳ ነውና ስግደት የለም፤ መቆም ብቻ ነው። ያስቀደሰው ሁሉ የሚለውን እሷም ትላለች፤ ልቧ ግን አንድ ነገር ብቻ ይደግማል። ለሙታን ሲጸለይ ስም መጥራት አልቻለችም፤ የማንን ስም ትጥራ? ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «እናቴ ትሁን» አለች። አምላኬ፣ እናቴ ትሁን። ሌላ ጸሎት አልነበራትም። ዘጠኝ ወር ተሸክመው፣ በችግር አሳድገው፣ ባሏ ሲሞት ከነልጇ መልሰው ያስጠጓትን ሴትዮ ነው ትሙትልኝ ብላ የለመነችው። ቅዳሴው ሲያበቃ በዛብሽ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ፣ ራበሽ እንዴ አለቻት። አዎ ራበኝ አለች።

የእማሆይ ወለተ ሐና አትክልት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነው። ከባላምባራስ ሰፊ ቦታ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የድንች መደብ፣ የጎመን መደብ፣ ጠጅ ሣር፣ አሪቲ፣ አንድ ያረጀ የትርንጎ ዛፍ። እማሆይ ግን በእጃቸው እየኮተኮቱ እንዲህ አድርገው አስውበውታልና ወይዘሮ ስሜነሽ ከትናንቱ ይልቅ ይህን ወደዱት። ገብረ ክርስቶስ ከቀኛዝማች ጋር ስለ ክፍት የሥራ ቦታ ያወራል። እማሆይ ከይርጋነሽ ጋር ወደ ኋላ ቀሩ። በመቋሚያቸው ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ልጅ አለሽ፣ የኔ ልጅ?» አሏት።

«አንድ አለኝ፣ እማሆይ። ወንድ ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ሾፌር ነው። በዓባይ በረሃ ነው የሚመላለስ።»

እማሆይ አንገታቸውን ደፉ። ከዛፉ ላይ ትልቁን ትርንጎ ቀጥፈው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠሩላትና ጉንጯን በሻካራ እጃቸው ዳበሱት። አሮጊት መነኩሴ ስለ ልጅ በጠየቀቻት ሴት ሁሉ ላይ እንዲህ ታደርግ እንደ ሆነ ይርጋነሽ አላወቀችም። ያወቀችው አንድ ነገር ነው፤ ጓዴ ነው። ያለ ጥርጥር ጓዴ ነው። ፈረሰኛውም ለዚያ ነው። ለእናት ሞት ይህን ያህል አይታዘንም፤ አሮጊት ስትሞት ሰው በደንብ ኖረች ብሎ ይመለሳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቀረው ቀን በአንድ ወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ መሰላት። ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፤ ሲያነጋግሯት ትመልሳለች፤ ሲያስቀምጧት ትቀመጣለች። አላለቀሰችም። ማልቀስ የምትችል ከሆነች እሱ ሞቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዓይኗም እንደ አፏ ተያዘ።

ማታ ወደ ፊልሙ ሄዱ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰው ጢም ብሎበታል፤ አንዳንዱ ከየጁቤ ድረስ በእግሩ መጥቷል። በሁለት ባሕር ዛፍ ግንድ መካከል አቡጀዴ ተወጥሯል። ከወዲህ ያልደረሰው ከወዲያ ሆኖ የተገላበጠውን ያያል። ለክቡራን እንግዶች ከክፍል ውስጥ ወንበር ወጥቷል፤ ይርጋነሽ በበዛብሽና በወይዘሮ ስሜነሽ መካከል ተቀመጠች። መጀመሪያ ስለ ወባ ትንኝ አሳዩ። ትንኟ የቤት ያህል ሆና ስትመጣ ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አንዲት ሴት፣ የኛ አገሯ እንዲህ አታክልም፣ ተመስገን አለች፤ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ ስለ መንገድ ሥራ ሆነ። ድንገት ያ በረሃ መጣ፤ ድልድዩ ከነቅስቱ፣ ከሥሩ ድፍርሱ ዓባይ። «ዓባይ! ዓባይ!» አለ ሰዉ። የጭነት መኪናዎች በሰልፍ ጠመዝማዛውን ይወርዳሉ። ይርጋነሽ ከወንበሯ ወደ ፊት ተሳበች። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ለማየት ሞከረች፤ መስተዋቱ ፀሐይ ይመታበታል፣ ፊት አይታይም። አንዱ እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበ፤ ክንዱ ቀጭን ነው፣ እንደ ጓዴ። ምስሉ አለፈ። ሌላ መኪና መጣ፤ እሱም አለፈ። መልሰው እንዲያሳዩት ልትለምን ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ወፍራም ፈረንጅ ከመሰላል ላይ እየወደቀ፣ ቀለም እየተደፋበት የሚያስቅ ነገር አመጡ። ቢቸና እንዲያ ስቆ አያውቅም። በዛብሽ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና ራሷን የእህቷ ትከሻ ላይ ጣለች። ይርጋነሽ ጭንቅላቷን ደገፈቻት። እጇ የእህቷን ፀጉር ሲዳስስ፣ ነገ ይህች ሴት ትጮሃለች፣ ዛሬ ትሳቅ ብላ አሰበች፤ ይህንንም ለእህቷ የዋለችላት ደግነት አድርጋ ቆጠረችው።

ቀኛዝማች ሰኞ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ። ገብረ ክርስቶስን ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ጉዳይህ ከእኔ ጋር ነው አሉት። ይህን ይርጋነሽ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማች። ልብሷን ለብሳ ነው ያደረችው። የላንድሮቨሩ ድምፅ ከራቀ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ገብረ ክርስቶስ ወጥቶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ የብዙ ሰው እግር ግቢውን ሞላው። ማንም አይናገርም። ተነሥታ ፀጉሯን በሻሽ አሰረችና ሳሎን ገብታ ወለል ላይ ተቀመጠች። በዛብሽ በሌሊት ልብሷ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ በሩ ተከፍቶ የነፍስ አባታቸው መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከኋላቸው ጎረቤቶቹ ሁሉ፣ ከሁሉም ኋላ ጥቁር ክራቫት ያሰረው ባሏ ሲገቡ አየች። እነሱን አየች፤ ወለል ላይ የተቀመጠችውን እህቷን አየች።

መምሬ ቃሉን አላረዘሙትም። እናታችሁ እማማ አመተ ሥላሴ ዓርብ ሲነጋጋ አርፈዋል፤ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ሁሉን ባርከው ነው ያረፉት አሉ። ቅዳሜ ተቀብረዋል። ሊያጽናኑ ብለው ደግሞ፣ የሞጣ ሰው ልጆቻቸው ይመጣሉ ብሎ እስኪመሽ ድረስ ሬሳውን ሳያወርድ ጠብቋችኋል፣ ይህ ትልቅ ክብር ነው ብለው ጨመሩ። በዛብሽ ጮኻ ወደቀች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ለቅሶው ቤቱን አናወጠው። ይርጋነሽ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። የገብረ ክርስቶስን ፊት ብቻ ታያለች።

«ጓዴስ?» አለችው።

ገብረ ክርስቶስ ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር። «ጓዴ ደህና ነው» አላት። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚህ አልፏል። እናንተ ባላምባራስ አትክልት ላይ ነበራችሁ፤ እኔ ዘግይቼ ነው የተከተልኳችሁ። ነገሩን ነግሬ ለቀብሩ አደረስኩት። እናቴስ ቢለኝ ከኋላህ ትመጣለች አልኩት።» ይህን ሲናገር ለቤተ ሰቡ የዋለውን ውለታ እንደሚቆጥር ሰው ነበር።

«ተመስገን» አለች ይርጋነሽ።

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ሁለት ቀን ሙሉ ደረቷ ላይ ቆሞ የነበረው ነገር ነው በዚያች ቃል የወጣው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ሰማችው። የሚያለቅሱት ሴቶች አንድ በአንድ ዝም አሉ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው እንደ ቆሙ ቀሩ። በእናት መርዶ ላይ ተመስገን ያለ ሰው ቢቸና አይቶ አያውቅም። ይርጋነሽ፣ ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ ትጀምር። ከዚያ ዕንባዋ እንዲመጣ ጠበቀች። አልመጣም። እናቷን ቅዳሜ በጌሾው መካከል፣ እሁድ በቅዳሴው ላይ ጨርሳ ሰጥታታለች፤ አሁን የምታለቅስበት ነገር አልቀረላትም።

በዛብሽ ከሴቶቹ እቅፍ ውስጥ ቀና አለች። ትናንት የተቀባችው ዱቄት ከዕንባዋ ጋር ተቀላቅሎ ፊቷ ላይ መንገድ ሠርቷል። እህቷን ከሻሿ እስከ እግሯ አየቻት፤ የለበሰችውን ልብስ፣ የተቀመጠችበትን ቦታ።

«ታውቂ ነበር» አለች።

«ማን እንደ ሆነ አላወቅሁም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ማንም አልሰማትም፣ ማንም አላያትም፤ ሌሊቱን እግር ሰምቼ ነው ብትል ያምኗት ነበር። «ከቅዳሜ ጠዋት» አለች።

«ለቀብሩ መድረስ ስንችል?»

«ስንችል።»

በዛብሽ ባሏን ዞር ብላ አላየችውም። እሱ ወንድ ነው፤ መርዶውንም በወጉ፣ በንጋት፣ ከነነፍስ አባት አምጥቷል፤ ከተማውም እንዲያ ብሎ ያመሰግነዋል። የተነሣችው በእህቷ ላይ ነው። ሴቶቹ ለሁለቱ እህትማማቾች ሁለት ሰሌን ጎን ለጎን አንጥፈው ነበር። በዛብሽ በጉልበቷ እየተሳበች የራሷን ሰሌን ይዛ ወደ ማዶው ግድግዳ ሄደች፤ እዚያም ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና ለቅሶዋን ቀጠለች። ገብረ ክርስቶስ ወንበር እንዲመጣ አዘዘ። ፀሐይ ወጣች፤ የከተማው ሰው መምጣት ጀመረ። የመጣው ሁሉ በሩ ላይ ቆም ብሎ ግራ ይጋባል፤ ከዚያ መጀመሪያ ወደ አንዷ፣ ቀጥሎ ወደ ሌላዋ እየሄደ፣ እግዜር ያጥናሽ ለማለት ሁለት ቦታ ይዞራል።